ለፎቶ ቤቷ ልጅ ምስጋና፣ ካሜራ ገዝታችሁ ፎቶው ለተከመረባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ግን ፎቶ ማስተካከል ያስተማረችኝን ይቺን ልጅ ሳላመሰግን ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም፣ ደግሞ እንደኔ ጎልምሶ ካሜራ ያነሳ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ያገለገለ ካነን 700ዲ ገዛሁ ከነ 18-55 ሌንሱ። በፈረንጅ 2013 የወጣ ካሜራ ነው፣ አርጅቷል ያሉኝም አሉ፣ ለኔ ግን ምን አነሰኝ። የ2017 ጥምቀት ደረሰና ከተራውንም በዓሉንም ጃንሜዳ ዋልኩ፣ አንስቼ አንስቼ 1,400 ምናምን ፎቶ ይዤ ገባሁ፣ ላፕቶፑ ላይ ገለበጥኩት፣ በቃ እዛው ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ! ሰው "ፎቶውስ?" ሲለኝ "ኤዲት እያረግኩት ነው" እላለሁ፣ ውሸቴን ነው፣ ከየት እንደሚጀመር ራሱ አላውቅም። በመሃል አንዱ ፕሪሴት የሚባል ነገር (የፎቶውን ቀለም ባንዴ የሚቀይር የተዘጋጀ ቅንብር) በጅምላ ሸጠልኝ፣ አንዷን ስጭናት ቄሱ ብርቱካን መሰሉ። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ደግሞ በየወሩ ይከፈልበታል፣ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ያለው ከመሃላችን ስንቱ ነው? ክራኩን (ሳይከፈልበት የሚሰራውን የተሰረቀ ኮፒ) እንጫንልህ ያሉኝ ቤት ጭነውልኝ ላፕቶፑ ቫይረስ ይዞ ተመለሰ።

እንዲህ ተሰላችቼ እያለሁ ለጉርድ ፎቶ መገናኛ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የኔን ፊት ስታስተካክል እያየሁ ብሶቴን ዘረገፍኩት። "ጋሼ ላፕቶፑን ይዘው ይምጡ፣ ሁዳዴ ስለሆነ ሰርግ የለም ጊዜ አለኝ" አለችኝ። ሶስት ምሽት፣ በየምሽቱ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ጠቅላላ 2,500 ብር። እኔ ለዛች ፕሪሴት ከከፈልኩት ብዙም አይበልጥም።

የመጀመሪያው ምሽት አንድም ፎቶ ኤዲት አላረግንም። ቁጭ ብላ "ጋሼ እነዚህ ፎቶዎች ሌላ የት አሉ?" አለችኝ። የትም። "መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሄ ላፕቶፕ ቢቃጠልስ?" ዝም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሳልገዛ አላስጀምርም ብላ መለሰችኝ፣ ተናድጄ ሄድኩ፣ ገዝቼ መጣሁ። አሁን ህጉ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ሚሞሪ ካርዱ አይነካም ነው፣ ፎርማት የሚደረገውም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ።

ቀጥሎ ፎልደር። ስሙ 2025-01-19 ጥምቀት ሆነ። ለምን በኛ ቀን አይሆንም ብዬ ተከራከርኩ፣ እሷ "በኛም ይሆናል ግን ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ ነው፣ ሁለቱን ካቀላቀሉ ይጠፋብዎታል" አለች። አመተ ምህረቱን ያስቀደመችው ደግሞ ፎልደሮቹ ራሳቸው በተራ እንዲሰለፉ ነው።

እዚህ ጋ ነው ጉዴ የወጣው። የካሜራውንና የስልኬን ፎቶ አንድ ላይ ስትደረድረው ታቦታቱ ጸበሉ ሳይረጭ ወደየደብራቸው እየተመለሱ ነው። ግራ ገባት። አየት አየት አረገችና "ጋሼ የካሜራውን ሰዓት ማን ሞላልዎት?" እኔ ነኛ! በሀበሻ ሰዓት ሞልቼዋለሁ፣ ስልኩ ደግሞ በራሱ ነው የሚሞላው፣ ከረፋዱ አምስት ተኩል ያነሳሁትን ካሜራው ገና ሳይነጋ ነው ብሎ መዝግቦታል። ስቃ ልትሞት። የካሜራውን ፎቶዎች በሙሉ ባንዴ 6 ሰዓት ጨመረችባቸውና በዓሉ ተስተካከለ።

ሁለተኛው ምሽት ዳርክቴብል የሚባል ፕሮግራም ጫነችልኝ። ነጻ ነው፣ ክራክ ምናምን አያስፈልገውም። ኦርጅናሉን ፎቶ አይነካውም፣ ያረጋችሁትን ለውጥ በሙሉ ከጎኑ በምትቀመጥ ትንሽዬ ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው (ይቺን ፋይል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ)። ምሽቱ ያለቀው በመምረጥ ነው። የደበዘዘ፣ አይን የጨፈነ፣ ሰው ጀርባው የገባበት ኪቦርዱ ላይ R ን ተጭኖ ውድቅ፣ ለውድቁ ሁለት ሰከንድ እንኳን ማሰብ ክልክል ነው። የተረፈው አንድ ኮከብ። ከዛ ከባለ አንድ ኮከቦቹ ውስጥ ለተሻሉት ሁለት ኮከብ፣ ከባለ ሁለቶቹ ውስጥ ለተሻሉት ሶስት። አንዲት ጥላ አለች፣ በወርቅማ ክር የተሰራች፣ 11 ጊዜ አንስቻታለሁ፣ አስሩን ይጣሏቸው ስትለኝ እውነት ነው የምላችሁ አንጀቴ ተላወሰ፣ "ይቺኛዋ ላይ እኮ ብርሃኑ..." ስል "ጋሼ፣ ሰው አስራ አንዷንም የሚያይልዎት ይመስልዎታል?" አለችኝ። ልክ ነበረች። 1,400ው 86 ሆነ። ሁለት ወር ያስፈራኝ ተራራ ብዛቱ እንጂ ኤዲቱ አልነበረም ለካ።

ሶስተኛው ምሽት ዋናው። ደግነቱ ካሜራውን የሸጠልኝ ሰውዬ ሮው (ካሜራው ያየውን መረጃ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ላይ ትቶት ስለነበር ያነሳሁት ሁሉ ሮው ነው፣ አንዷ ፎቶ ወደ 25 ሜጋ ትመጣለች፣ ዲስክ ትበላለች ግን ስታስተካክሏት ብዙ ትታገሳለች። ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው አለች፤ መጀመሪያ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን ማስተካከል)፣ ቀጥሎ ኤክስፖዠር (የብርሃኑ መጠን)፣ ከዛ የደመቀውንና የጨለመውን ማስማማት፣ መጨረሻ ላይ መቁረጥና ማቅናት። ለዋይት ባላንስ የሀገር ልብሳችን ጠቅሞናል። ቀለም መምረጫዋን ነጠላው ላይ ማሳረፍ ነው፣ ግን ጸሃይ አቃጥሎት ወረቀት የመሰለው ቦታ ላይ ሳይሆን የሸማው ክር የሚታይበት ላይ፣ ምክንያቱም የተቃጠለው ውስጥ ምንም መረጃ የለም። ኤክስፖዠሩን ደግሞ ጥለቱና ክሩ እስኪታይ ዝቅ፣ ፊት ከጨለመ ጨለማውን ብቻ ለብቻው ከፍ።

ፊት ላይ ግን ተጣላን ማለት ይቻላል። እኔ ፎቶ ቤት ሲባል ፊት ማንጣት ይመስለኝ ነበር፣ ሁላችንም ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ የነጣ ፎቶ አለን አይደል። የአንዲት እናትን ፊት ፈካ ላርግ ብዬ ስጎትት እጄን ያዘችኝ። "እሳቸው ይሄንን ቢያዩት የማን ፎቶ ነው ነው የሚሉት።" ፎቶ ቤት ተቀምጣ ሰው አንጪልኝ እያለ ሲለምናት ስለምትውል ነው መሰለኝ ምርር ብሏታል። አሁን ያቺ ፎቶ ከ86ቱ ሁሉ የምወዳት ነች፣ ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ፣ በቃ።

ከዛ ተአምሩ መጣ። አንዷን ፎቶ ካስተካከሉ በኋላ በተመሳሳይ ብርሃን የተነሱትን በሙሉ መርጦ ኮፒ ፔስት! የጠዋቱን ለብቻ፣ የዛፍ ጥላ ስር ያለውን ለብቻ፣ የቀትሩን ለብቻ። ከዛ አንድ አንድ እያዩ ትንሽ ማረም። ኤክስፖርት ስታረጉ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክሰል፣ ጄፔግ፣ ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ደግሞ በፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ይጨምቀዋል።

ያቺ ትንሽዬ ፋይል። ኮርሱ ካለቀ በሳምንቱ ቤት ሆኜ ፎልደሩን ከዴስክቶፕ አንስቼ ሌላ ቦታ ወሰድኩት፣ ዳርክቴብልን ስከፍት በፎቶዎቼ ፋንታ የራስ ቅል! እውነቴን ነው የራስ ቅል ስዕል ነው የሚያሳየው ፎቶው የነበረበት ቦታ ሲጠፋው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወልኩላት፣ እንቅልፍ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ "ጋሼ ይረጋጉ፣ ፎልደሩን ሙሉውን ነው ያነሱት?" አዎ። "እንግዲያው አዲሱ ቦታ ላይ ሆነው እንደገና ያስገቡት፣ ትንንሾቹ ፋይሎች አብረው ሄደዋል።" አስገባሁት፣ ከነኤዲቱ ከች አለ። ሂሳብ ላምጣ ብል እምቢ አለች።

ጉድለት የላትም አልልም። ስትናገር ትፈጥናለች፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀን ላይ ስልክ አታነሳም። ዳርክቴብልም ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ያዘግማል፣ የኔ አንዳንዴ ሻይ አፍልቼ እመለሳለሁ። በስልክ ብቻ የምታነሱ ከሆነ ደግሞ እሷ ራሷ ስናፕሲድ የሚባለው የስልክ አፕ ይበቃችኋል ብላ ነው የምትመልሳችሁ፣ ገንዘብ ፍለጋ አታስተምርም።

ስልኳን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አርጉኝ፣ አስፈቅጄያታለሁ። ግን በሁዳዴ ያዟት፣ ምሽቷ ነጻ የሚሆነው በጾሙ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ሲጀምር እኔም አላገኛትም።