ባለ ማዕዘን ጥርስ ሰንሰለትና ሞረዱ፦ ከመስከረም እስከ በልግ በባሕር ዛፍ ላይ

ይህን የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ከውጭ አገር ያስመጣሁት ባለፈው መስከረም ነው። አሁን በልግ ገብቷል። በእነዚህ ወራት ደሴ ዙሪያ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ቀይ ባሕር ዛፍ ቆርጬበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለቆመ ዛፍ ከዚህ የተሻለ ሰንሰለት ይዤ አላውቅም፤ መሬት ለመሬት ለተጎተተ ግንድ ግን ማንም እንዲገዛው አልመክርም። እንዲያውም ከሰንሰለቱ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ሞረዱ ነው።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ሰንሰለት በክብ ሞረድ የሚሳል ነው። ለሦስት ስምንተኛ ኢንች ሰንሰለት 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይበቃል፤ የጥርሱ የውስጥ ገጽም የሞረዱን ቅርጽ ይዞ ጎድጎድ ይላል። የዚህኛው ጥርስ ግን በውስጥ በኩል ሁለት ቀጥ ያሉ ገጾች አሉት፤ የላይኛው ስለት የአናጺ መሮ ይመስላል። እንጨት ሲቆረጥ የጥርሱ ጎን ቃጫውን ይበጥሳል፣ የላይኛው ስለት ደግሞ የተበጠሰውን ፈልቅቆ ያወጣል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1946 የጥንዚዛ እጭ ግንድ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየበላ ሲሄድ ተመልክቶ ነው ዛሬ የምናውቀውን የሰንሰለት ጥርስ ያሰበው። ሁለቱ ሥራዎች፣ መበጠሱና መፈልቀቁ፣ የሚገናኙት በጥርሱ የውጭ ማዕዘን ላይ ነው። የዚህ ሰንሰለት ኃይል በሙሉ ያለው እዚያች ነጥብ ላይ ነው፤ ድካሙም እንዲሁ።

ስለቱ ትክክል የሆነ ዕለት ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። መጋዙን መጫን አይገባም፤ በራሱ ክብደት ይገባል። የሚወጣው ሰጋቱራ ደቃቅ ዱቄት ሳይሆን ወፍራምና ረጅም ፍቅፋቂ ነው። ኩታበር አካባቢ ዛፍ የሸጡልን አንድ አባት አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ መጋዝህ ዛሬ ምን በልቶ ነው የመጣው?» አሉኝ። በእርጥብ ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ደስታው ትልቅ ነው። ደርቆ በከረመ ቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ብልጫው ይቀንሳል፤ ማዕዘኗም ቶሎ ትዶለዱማለች።

አሳሳሉ ሌላ ዓለም ነው። ሞረዱ ጠፍጣፋና ባለ ስድስት ገጽ ሲሆን ጠርዙ በሁለቱም በኩል ሰያፍ ነው። ክብ ሞረድ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ይህን ግን የምገፋው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ እጀታውን ከፍ አድርጌ፣ ጫፉን ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ታች አዘንብዬ። ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል፦ ወደ ታች ያለውን ዝንባሌ፣ የላይኛውን ስለት ሰያፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ የሞረዱ ገጾች የሚገናኙበት መስመር በትክክል የጥርሱ ማዕዘን ላይ ማረፉን። መስመሩ ከማዕዘኗ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጥርሱ ለዓይን ስል ይመስላል እንጂ እንጨት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጥርሱን በጥቁር ማርከር እቀባለሁ፤ አንድ ጊዜ ገፍቼ ቀለሙ የት እንደለቀቀ አያለሁ፤ ከዚያ ነው የምቀጥለው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ማጉያ እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ጠቅሞኛል። መጋዙ እንዳይነቃነቅ ጉቶ ላይ የሚመታ ትንሽ ሞርሳም የግድ ነው። በ20 ኢንች መጋዜ ላይ 36 ጥርሶች አሉ፤ 18ቱ ወደ ግራ፣ 18ቱ ወደ ቀኝ። በአንዱ ወገን ያለው ሰያፍ ከሌላው ከተለየ መጋዙ እየታጠፈ ይቆርጣል።

ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታም የሚረሳ ብዙ ነው። ከስለቱ በታች 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለባት፤ በመለኪያ እንጂ በግምት አይሠራም። ከዚያ በላይ ዝቅ ከተደረገች መጋዙ እየነከሰ ይንዘፈዘፋል፣ በጫፉ ሲነካም ወደ ሰው የመመለስ አደጋው ይጨምራል። ይህን ሰንሰለት ለጀማሪ ሠራተኛ አልሰጥም፤ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለኝም።

ትልቁ ጠላቱ አፈር ነው። ከጦሳ ተራራ ቁልቁል እየተጎተተ የወረደ ግንድ በቅርፊቱ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ማዕዘኗን ይጨርሳታል። ክብ ጥርስ ያንኑ ግንድ እያጉረመረመም ቢሆን ይጨርሰዋል። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱ እየተላጠ ግርጌው ላይ ስለሚንጠለጠል ዝናብ የረጨውን ጭቃ ያጠራቅማል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ እንኳን መቁረጫው ቦታ ላይ ያለውን ቅርፊት አስቀድሜ በመጥረቢያ እልጠዋለሁ። አጣናና ማገር ለመከርከም ደግሞ አላወጣውም፤ ለቀጭን እንጨት ክቡ ይበቃል። አሁን ሁለት ሰንሰለት ይዤ ነው የምወጣው፦ ዛፍ ለመጣል ባለ ማዕዘኑን፣ መሬት ላይ ለመቆራረጥ ባለ ክቡን።

መግዛት ለምትፈልጉ፣ ሰንሰለቱን ከማዘዛችሁ በፊት ሞረዱን የምታገኙበትን መንገድ አረጋግጡ። እኔ ደሴም ኮምቦልቻም ባሉ የመሣሪያ ሱቆች ጠይቄ ያገኘሁት ክብና ባለ ሦስት ማዕዘን የመጋዝ ሞረድ ብቻ ነው። ግራይንደር ይተካዋል የሚል ካለ አትስሙት፤ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ሲሆን ጥንካሬውን ያጣል። ሞረዱ ካለቀና ሌላ ከሌለ ጥርሱን በክብ ሞረድ መሳል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ተራ ሰንሰለት ይሆናል። ከሞረዱ ገጾች ቀድሞ የሚያልቀው ጠርዙ ነው፤ የሞረዱ ጥርሶች እዚያ ላይ ከረገፉ ማዕዘን አይሠራም። እንዲያም ሆኖ አልጥለውም፤ ጠፍጣፋው ገጹ ጉብታዎቹን ዝቅ ለማድረግ ገና ብዙ ያገለግላል።