ባትሪውን በእህል ሚዛን ለመዘነው ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የመጣሁት አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ለእናቴ ቤት ሶላር የዘረጋላትን ባለሙያ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። ስልኩን ግን ለሚፈልግ ሁሉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። አስፈቅጄዋለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። የመብራት ምሰሶው እኛ ሰፈር ሳይደርስ ቆሟል። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱን የቀመሰ ያውቀዋል። እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሶላር የፈለግነው ከሁሉ በፊት ለዚያ ፍሪጅ ነው። አምፖሉም ቴሌቪዥኑም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ከአንድ ሱቅ ሙሉ እቃ ገዛን። አራት ባለ 270 ዋት ፓነል፣ «200 አምፔር» የሚል የተለጠፈባቸው ሁለት ጄል ባትሪዎች (የእርሳስ ባትሪ ዓይነት ናቸው)፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር ኮንትሮለርና የባትሪውን ኃይል ለተራ የቤት እቃ እንዲሆን የሚለውጥ ኢንቨርተር። ገጣሚውንም ሱቁ ላከልን። በግማሽ ቀን ሰቅሎ ሄደ። ብዙ እቃ፣ ብዙ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። ደስ አለን።

ዓመት ሳይሞላው ፍሪጁ ሌሊት ሌሊት መጥፋት ጀመረ። ሱቁ ጋ ስደውል መልሳቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «ፓነል ጨምሩ።» እማዬ በዚህ መሃል ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እንስራው ሥር ታስቀምጥ ነበር። ይህን የነገረችኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። «አንቺን እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ለወላጆቿ ሠርቶላቸው ነበር። ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ የተማረ፣ ገና ወጣት ነው። ደወልኩለት። ስንት ፓነል እንዳለን ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ፍሪጁ የሚጠፋው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለኝ። እናትሽ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ቴሌቪዥኑን ማን ያየዋል? ባትሪው ያለው የት ክፍል ነው? ጣሪያው ምንድነው? ግማሽ ሰዓት አወራን። ዋጋ ስጠይቀው «ሳላየው ዋጋ አልናገርም እህቴ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ትንሽ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያመንኩት ከዚያች ቃል ጀምሮ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። ቡና ከተጠጣ በኋላ ባትሪዎቹን ፈታና ወደ ጎረቤታችን ወደ ማሾ ነጋዴው አስወሰዳቸው። እህል ሚዛን ላይ አወጣቸው። አንደኛው 37 ኪሎ፣ ሁለተኛው 38 ኪሎ። ያኔ አስረዳን። የእውነት 200 አምፔር ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ኃይሉን የሚይዘው እርሳሱ ነውና፣ እርሳስ ከጎደለ የሚያዘው ኃይልም ይጎድላል። ላዩ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ማንም ማተም ይችላል። እማዬ ሚዛኑን ትኩር ብላ አይታ፣ «እኔ ማሾ ስሸጥ አንድ ኪሎ ቢጎድል ማን ይምረኛል?» አለች።

እኔ ችግሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እስኪ ቀትር ይሁን» ብሎ ጠበቀ።

ቀትር ላይ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ፓነሎቹ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፈው ነው የታሰሩት፣ ከሥራቸው አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። አንዱን ፓነል ከሌሎቹ ነጥሎ በቴስተር ለካው። 33 ቮልት። ከዚያ አጎንብሶ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ለጠፈበትና የወንድሜን ልጅ «ቁጥሩን እያየህ ጥራልኝ» አለው። ልጁ መጥራት ጀመረ። ሠላሳ ሦስት... ሠላሳ ሦስት ተኩል... ሠላሳ አራት... ሠላሳ አራት ተኩል። ሁላችንም ታች ቆመን አንጋጠን እንሰማለን።

ፓነል የሚፈልገው የፀሐይን ብርሃን ነው፤ ሙቀቷ ይጎዳዋል። ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል። የኛዎቹ ፓነሎች ሥራ ላይ ሲሆኑ 31 ቮልት ይሰጣሉ ተብለው በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው፤ ተነጥለው ያለ ሥራ ሲለኩ ቁጥሩ ከዚያ ከፍ ይላል። ቆላ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ እየተጠበሱ ሲሠሩ ግን ወደ 26 ይወርዳሉ። ተከታትለው የተገናኙት ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ደግሞ ጥግ ድረስ እንዲሞሉ ከ28 ቮልት በላይ ይፈልጋሉ። የነበረን ኮንትሮለር ፒደብሊውኤም የሚሉት ርካሹ ዓይነት ነው፤ የፓነሉን ቮልቴጅ ወደ ባትሪው ከማሳለፍ በቀር መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ባትሪዎቻችን ከተገዙ ጀምሮ አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ሞልተው አያውቁም። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲከርም ደግሞ ውስጡ እየጠጠረ ይሞታል። የሱቁን ምክር ሰምተን አሥር ፓነል ብንጨምር ኖሮ አሥሩም አብረው ነበር የሚግሉት።

ከዚያ ሁለት ሁለት ፓነል አከታትሎ አገናኘ። ቮልቴጃቸው ተደመረ፤ በቀትር ሙቀት እንኳ ከ50 አይወርድም። ኤምፒፒቲ የሚባለውን ኮንትሮለር አስገዛን፤ ይሄኛው የተረፈውን ቮልት ወደ አምፔር እየለወጠ ለባትሪው ይሰጠዋል። ፓነሎቹንም በብረት አንስቶ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር አራቃቸው። አዲስ ፓነል አልተገዛም። «እነዚህ ደህና ናቸው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ» አለኝ። ይህን የሚል ነጋዴ ሆነ ባለሙያ ስንት አጋጥሟችኋል?

ከሁሉ የወደድኩት ግን ወረቀቱን ነው። ከእማዬ ጋር ቁጭ ብሎ በየቀኑ የምትጠቀመውን አንድ በአንድ ጻፈው። ለፍሪጅ 600፣ ለአምፖሎቹ 280፣ ለቴሌቪዥንና ለሪሲቨር 320፣ ለማራገቢያ 300፣ ለስልክና ለሬዲዮ 100። ድምሩ በቀን 1,600 ዋት ሰዓት። ከሥሩ «ኢንቨርተር» ብሎ ሌላ መስመር ጨመረ። ኢንቨርተር ምንም ባይሰካበትም በርቶ እስከቆየ ድረስ ለራሱ ይበላል። የኛው 25 ዋት ይበላ ነበር። ትንሽ ይመስላል። ሃያ አራት ሰዓት ሲበራ ግን 600 ዋት ሰዓት ነው፣ ልክ ፍሪጁ የሚበላውን ያህል። ሌባውን ቤት ውስጥ አስቀምጠን ኖሯል ለካ።

መፍትሔው የድሮውን ፍሪጅ በ24 ቮልት ዲሲ (ከባትሪ በቀጥታ በሚወጣው ዓይነት ኤሌክትሪክ) በሚሠራ መቀየር ሆነ። ይህኛው ቀጥታ ከባትሪው ነው የሚበላው። ኢንቨርተሩ አሁን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ብቻ ይበራል፤ ለራሱ የሚበላውም ወደ 200 ወረደ። «ደግሞም ኢንቨርተሩ አንድ ቀን ቢበላሽ ቴሌቪዥን ይጠፋል እንጂ መድኃኒቱ አይነካም» አለኝ። ልብ በሉ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት ከእኔ ቀድሞ አስቦ ነበር።

በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት ሒሳቡ 2,200 ደረሰ። ክረምቱን በቀን 3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ አስቦ አሰላው። አራቱ ፓነሎች ለሙቀት፣ ለአቧራና ለገመድ ሩቡን ቀንሶላቸው እንኳ 2,400 ይሰጣሉ። ይበቃል። ባትሪው ባለ 25.6 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ፀሐይ ጨርሳ ብትጠፋ ሁለት ቀን ገደማ ያቆየናል። ዋጋው አስደንግጦኝ ነበር። የእርሳስ ባትሪ ግን ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሹ በላይ ባይወሰድበት ይሻላል፤ በዚያ ላይ በሙቀት አገር በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ደምሬ ቀንሼ ሳየው ሊቲየሙ ረከሰኝ።

እማዬ ይሄኔ «ምጣዱስ?» አለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ተመኝታ ነበር፣ ጭሱ ዓይኗን ያቃጥላታል። ባለሙያው «እማማ፣ አልዋሽዎትም» አላት። ምጣድ ከ3,500 ዋት ያላነሰ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ብቻ ቢጋገርበት ፍሪጁ ከአምስት ቀን በላይ የሚሠራበትን ኃይል ይጨርሳል። እሺ ብሎ ተጨማሪ እቃ ቢያስገዛን ኖሮ እናምነው ነበር። ይልቅ ጭስ የሚቀንስ የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ እንድንፈልግላት መከረን። ገዛንላት።

ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታ የመረጠችው እማዬ ናት ማለት ይቻላል። የድሮዎቹ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሲቀቀሉ ነበር። ባለሙያው «እማማ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ውሃ በጣም የሚቀዘቅዝልዎት የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሳታመነታ የእንስራዋን ጥግ አሳየችው፣ የድንጋዩን ግድግዳ። «እንግዲያው ባትሪው እዚያ ነው የሚሆነው፤ ውሃ አጠገቡ እንዳይሆን እንስራው ይነሳልኝ» አላት። ያ እንስራ እሷ ለአቅመ ትዳር ደርሳ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ከቦታው አልተነሳም። አንድ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ እንስራው በዚያው ግድግዳ ሥር ራቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ባትሪው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ቆጥ ላይ።

ስለ ገመዱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የነበረው ቀጭን ገመድ ላስቲኩ ጠቁሮ ነበር፤ በ35 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ቀየረው። ባትሪው ጫፍ ላይ ፊውዝ ገባ፣ ቀድሞ ምንም አልነበረም። በፓነሎቹ መስመር ላይ የነበረው ብሬከር ለተራ የቤት መብራት የተሠራ ነው፤ ዲሲ ሲቋረጥ የሚነሳው ብልጭታ በቀላሉ ስለማይጠፋ ለዲሲ በተሠራ ተካው። ለመብረቅም የፓነሉን ብረት ከመሬት ጋር አሰረው። ሁሉን ጨርሶ በአማርኛ ሥዕል ሠርቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ምን ከምን እንደተገናኘ፣ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የቱ እንደሚጠፋ። ሌላ ባለሙያ ቢመጣ እንዳይቸገር ነው አለ።

ይህ ሁሉ የሆነው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የ2017 ክረምት ፈተነው። ሐምሌ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ደመና ሆነ፤ ባለሙያው ሳንጠራው ደውሎ «ማያው ላይ ስንት ይላል እማማ?» አላት፤ ባትሪው ውስጥ የቀረውን ኃይል በመቶኛ የሚያሳየውን ማለቱ ነው። «አርባ አንድ» አለችው። «እንግዲያው ዛሬ ቴሌቪዥኑ ይረፍ» አላት። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ፍሪጁ አንድም ሌሊት አልጠፋም፤ ውስጡ ያስቀመጥነው ቴርሞሜትር 5 ላይ ነው ያለው። እማዬ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥላ ማያውን ታያለች። ለጎረቤት ስልክ ቻርጅ የምታደርገው ከ80 በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ይሄ የራሷ ሕግ ነው።

ለምትደውሉለት ሁለት ነገር ላሳስብ። አይቸኩልም፤ እኛ ቤት ሦስት ቀን ፈጅቷል፣ ቀጠሮውም አንድ ጊዜ ተራዝሞብን ነበር። የእጅ ዋጋውም ከሌሎቹ ከፍ ይላል። እቃውን ግን አብሯችሁ ሄዶ እናንተው ራሳችሁ ትገዙታላችሁ፣ ደረሰኙም በስማችሁ ነው። ከነጋዴ ምንም አይቀበልም።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እማዬ «እጅህ አይንጠፍ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ» ብላሃለች። እኔም እግዜር ይስጥልኝ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ይሁን፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን አምፖል ሁሉ ያስቆጥራችኋል።