የኮምቦልቻው የእንጨት ቀለበት በሊዩ ያንግ ልክ ሲታይ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰርከስና ጅምናስቲክ የሚሰሩ ወጣቶች ከውጭ የሚገባውን የጅምናስቲክ ቀለበት፣ ማለትም ከላይ በቀበቶ ተንጠልጥሎ በሁለት እጅ የሚያዘውን መሣሪያ፣ ዋጋ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እንጨት ቤት ማዞራቸው አይቀርም። እዚህ የምንገመግመው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ እንጨት ቤት በትእዛዝ የሚሰራውን ጥንድ ነው፤ ሁለት ክብ እንጨት፣ ሁለት የናይለን ቀበቶ፣ ሁለት የብረት ዘለበት። መለኪያችን በቀለበት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነው ቻይናዊው ሊዩ ያንግ ነው። እንጨቱ ከተጠበቀው በላይ ጥሩ ነው። ቀበቶው ያገለግላል። ዘለበቱ ግን በዚያው ቀን ተነቅሎ መቀየር ያለበት ነው።

ከልኩ እንጀምር። ለውድድር የሚፈቀደው ቀለበት የውስጥ ስፋቱ 18 ሳንቲሜትር፣ የእንጨቱ ውፍረት 28 ሚሊሜትር ነው። የኮምቦልቻው ስፋቱ ልክ 18 ወጥቷል፤ ውፍረቱ ግን 32 ሚሊሜትር ነው። በየጂሙ የሚታየው ብዙው ቀለበት 32 ስለሆነ አናጺው ከዚያ ሳይቀዳው አልቀረም። ለትልቅ ሰው መዳፍ ችግር የለውም። ትንሽ መዳፍ ያለው ልጅ ሲይዘው ግን ይወፍርበታል፤ አጥብቆ ስለማይጨብጠው ክንዱ ሳይደክም መዳፉ ሊለቅ ይችላል። ለልጅ የምታሠሩ ከሆነ ገና ስታዝዙ 28 በሉ፤ ካለቀ በኋላ ማሳነስ ክቡን ያዛባዋል።

የእንጨቱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ቀለበት የሚሰበረው እዚህ ላይ ነውና። ከአንድ ጣውላ ተቆርጦ የወጣ ክብ ምንም ቢወፍር ሁለት ደካማ ቦታ አለው። የእንጨት ጭረት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ክቡ ግን ይዞራል። ስለዚህ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ላይ ጭረቱ ቀለበቱን አግድም ያቋርጠዋል፣ ሲሰነጠቅም በዚያው መስመር ነው። የወይራ ጥንካሬም ከዚህ አያድንም። የኮምቦልቻው አናጺ ይህን ያውቃል፤ ሁለት የዋንዛ ጣውላ የአንዱን ጭረት ቁመት፣ የሌላውን አግድም አድርጎ አጣብቆ ነው ቶርኖ ላይ ያወጣው። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ጠርዙን ብታዩት በመሃሉ ቀጭን የማጣበቂያ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል፤ ከመስመሩ በላይና በታች ያለው ጭረትም አቅጣጫው ይለያያል። ያ መስመር ከሌለ አትግዙ። መስመሩ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለም ተዉት። ሙጫው ውሃ የሚችል መሆኑንም ጠይቁ፤ ተራው ነጭ ኮላ በላብና በክረምት እርጥበት ይላላል።

አንድ ነገር ግን ተበላሽቷል፦ ቫርኒሽ። ለዓይን ያምራል፣ ላብ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቫርኒሹን አንሱት፣ በ180 አለስልሱት፣ ከዚያ እንጨቱን ባዶውን ተዉት።

እንግዲህ ሊዩ ያንግን ለምን መለኪያ አደረግነው? የቻይናው ጅምናስት በሁሉም መሣሪያ የሚወዳደር ዓይነት ሰው አይደለም፤ ስሙ የገነነው በቀለበት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ናንኒንግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን 20 ዓመቱ ነበር። በሪዮ ኦሊምፒክ በቀለበት አራተኛ ወጥቶ ሜዳሊያ አመለጠው። ቶኪዮ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2013፣ በ15.500 ወርቁን ወሰደ፤ ብሩንም የአገሩ ልጅ ዩ ሃው ነው የወሰደው። ሐምሌ 28 ቀን 2016 ፓሪስ ላይ ደግሞ በ29 ዓመቱ ደገመው። በቀለበት የኦሊምፒክ ወርቅን በተከታታይ የደገመ ሰው ጃፓናዊው አኪኖሪ ናካያማ በ1968 እና በ1972 እ.ኤ.አ. ካሸነፈ ወዲህ አልነበረም።

የፓሪሱን ነጥብ ልብ በሉ፦ ሊዩ 15.300፣ ሁለተኛው የቻይናው ዞው ጂንግዩዋን 15.233፣ ሦስተኛው የግሪኩ ኤሌፍቴሪዮስ ፔትሩኒያስ 15.100። በአንደኛና በሁለተኛው መካከል ያለው 0.067 ብቻ ነው። አንድ ዳኛ የሚቀንሰው ትንሹ ነጥብ 0.1 መሆኑን ስታስቡ፣ ወርቁ የሄደው ከአንዲት ትንሽ እርምጃ ባነሰ ልዩነት ነው። በቀለበት ላይ እያንዳንዱ የጉልበት ይዞታ፣ ማለትም ሰውነትን በክንድ ኃይል አንድ ቦታ ላይ ሳያነቃንቁ መያዝ፣ ለ2 ሰከንድ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ሁለቱ ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ በሚቆምበት በመስቀል ይዞታ ክንዱ ከአግድም መስመር ትንሽ ቢያዘነብል ይቀነሳል፣ ገመዱ ቢወዛወዝም ይቀነሳል። የሊዩ ሀብት ያ አለመነቃነቅ ነው። መሣሪያው ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ልጁ የተሳሳተው እሱ ይሁን ዘለበቱ መለየት አይቻልም።

የዘለበቱ ጣጣ እዚህ ላይ ይመጣል። አብሮ የሚሰጠው ከቀጭን ላሜራ የታጠፈ፣ ጥርስ የሌለው ዘለበት ነው። ክብደት ሲያርፍበት ቀበቶውን ቀስ በቀስ ያሾልከዋል፣ ቀበቶው ከረጠበ ደግሞ ይብሳል። አንዱ ቀለበት 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ በዚያ በኩል ያለው ትከሻ ብቻውን ይጎተታል። ለመፈተሽ ቀበቶው ከዘለበቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ በሁለቱ ቀለበቶች ላይ በአንድነት አንድ ኩንታል እህል አንጠልጥላችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ምልክቱ ከተነሳ ዘለበቱ አይሆንም። የጭነት መኪና ማሰሪያ ቀበቶ ላይ ያለው ጥርስ ያለው መቆለፊያ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ ከቀበቶው ስፋት ጋር የሚገጥም ፈልጉ። ቀበቶው ላይ በየ10 ሳንቲሜትሩ በቀለም ክር ስፌት ማድረግም ሁለቱን እኩል ለማውረድ ሜትር ከመያዝ ያድናል።

ኩንታሉ የሚፈትነው የቆመ ክብደትን ብቻ ነው። ተወዛውዞ ሙሉ ዙር መዞር ሌላ ነገር ነው፤ ከታች ሲያልፉ ቀለበቱ ላይ የሚያርፈው ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጥንድ ላይ ይዞታ፣ መግፋትና መሳብ ይሠራ። ዙር አይሠራ።

አሰቃቀሉ ሌላው ስህተት የበዛበት ነው። በውድድር ማሰሪያው የሚታሰረው 5.80 ሜትር ላይ፣ ቀለበቱ የሚንጠለጠለው ከወለሉ 2.80 ሜትር ላይ ነው፤ ማለትም ገመዱ 3 ሜትር ነው። ሁለቱ ማሰሪያዎች በ50 ሳንቲሜትር ይራራቃሉ። ግቢ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጣሪያ ወራጅ የወረደ 1.5 ሜትር ቀበቶ ነው። ክንድ ሲዘረጋ አጭሩ ቀበቶ በይበልጥ ያዘነብልና እጅን ወደ መሃል በእጥፍ ገደማ ኃይል ይገፋል። በአጭር የለመደ ልጅ ረጅም ሲያገኝ ቀለበቱ የትም የሚሄድበት ለዚህ ነው። ቁመት ከሌለ አትጨነቁ፣ የ50 ሳንቲሜትሩን ርቀት ግን ጠብቁ፤ በ80 ተራርቀው የተሰቀሉ ብዙ አይተናል፣ እንዲያ ሲሆን ክንድ ገና ሳይዘረጋ ተከፍቶ ይጀምራል። ቀበቶው የሚያልፍበት ፌሮ ከሆነ የጎማ ቁራጭ አልብሱት፤ የፌሮ ሸካራ ጀርባ ናይለን ይበላል። ከስር በገለባ የተሞላ ጆንያ ከመደርደር 20 ሳንቲሜትር ስፖንጅ ይሻላል፣ ጆንያው በወረዱበት ቁጥር ይከፈታልና።

ለእጅ የሚቀባው ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ፈጭቶ መጠቀም ላብ አይመጥም፣ ግን ጉዳት የለውም። ኖራ ግን በፍጹም አይነካ፤ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ደሴ ላይ በክረምት ቀለበቱን ውጭ ሰቅሎ ማሳደርም ትክክል አይደለም፤ ጉሙ ዋንዛውን ያሳብጠዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ያጣበቀውን መስመር ይከፍተዋል። ዘለበቱን ሳትፈቱ ጠቅልላችሁ ቤት አስገቡት።