ሰፊ ቤት ላላችሁ፦ ዴኮ ኤም4 የሚባል የዋይፋይ ማሰራጫ እና ደህና ገመድ

የድንጋይ ግድግዳ ለዋይፋይ አይመችም። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን በድንጋይ የተሠራ ነው። ሰርቪሱ ከጓሮ ነው፣ መሀሉ ሰፊ ግቢ ነው። ከፋይበሩ ጋር የመጣው ሞደም የተተከለው ሳሎን ነው። ሳሎን ውስጥ ምንም ችግር የለም። መኝታ ቤት ሲገባ ይጎተታል፣ ሰርቪስ ሲደርስ ጭራሽ የለም። ባለቤቴ ደግሞ ውጭ ካለችው ልጃችን ጋር የምታወራው ወጥ ቤት ሆና ነው፤ ወጥ ቤቱ ያለው ሰርቪሱ ውስጥ ነው። ወሬያቸው መሀል ላይ ሲቆራረጥ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። ልጁ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ዕቃ) አውጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ ይበቃዎታል» አለኝ። ለአንድ ክፍል እውነቱን ነው። ለእኛ ቤት ግን አይሆንም። ርካሹ ሪፒተር የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም በዚያው ሞገድ ስለሆነ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ሲግናል ደካማ የሆነበት ቦታ ከሰካችሁት ደግሞ ያንኑ ደካማ ነው የሚያስተላልፈው።

የገዛሁት ሁለት ፍሬ ያለውን የቲፒ-ሊንክ ዴኮ ኤም4 ነው። ዋጋው ከሪፒተር በብዙ ይበልጣል፤ ግን ወድጄዋለሁ። ሁለቱም በአንድ ስም ነው የሚሠሩት። ስልኩን ይዛችሁ ከሳሎን ወደ ጓሮ ስትሄዱ ራሱ ያቀባብላችኋል። ያለ ገመድም እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ግን ወፍራም ግድግዳ ካለ እዚያ ላይ አትተማመኑ። ዋይፋይ በሁለት ሞገድ ይሠራል፤ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያገኝ ቶሎ ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዙ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ግን ያንሳል። እያንዳንዱ ዴኮ ከኋላው ሁለት የገመድ መሰኪያ አለው፤ እኔም የሳሎኑንና የሰርቪሱን ካት ሲክስ በሚባለው የኔትወርክ ገመድ አገናኘኋቸው።

ገመዱን ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በመዳብ ስም ይሸጣል። ጫፉን አስልጡና አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ከሥር ነጭ ካወጣች አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። ደህናው እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ የእኛ ግቢ እዚያ አጠገብም አይደርስ። ባለሙያው ገመዱን በኮርኒሱ ላይ አሳልፎ በጣሪያው ጠርዝ አወጣው። ደጅ የሚያልፈውን ፀሐይ እንዳይበላው ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባው። ግድግዳውን ለመብሳት የፈጀበት ሰዓት ከሌላው ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ድንጋይ ነዋ!

ማስተካከያው በስልክ መተግበሪያ ነው፤ አካውንት መክፈት ግዴታ ነው፣ ይሄን አልወደድኩትም። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሞደሙ ራሱ ራውተር ከሆነ (ኢንተርኔቱን ለየመሣሪያው የሚያከፋፍለው እሱ ከሆነ) ዴኮውን ወደ አክሰስ ፖይንት ቀይሩት፤ ያኔ ማከፋፈሉን ለሞደሙ ትቶ ዋይፋዩን ብቻ ያሰራጫል። ካልቀየራችሁት ሁለት ራውተር ተደራርቦ ይሠራና ከሞደሙ ጋር የተያያዘ ፕሪንተር ወይም ካሜራ በዴኮው በኩል ሊጠፋባችሁ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ለራውተር የሚሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆዩ ትንንሽ ዩፒኤሶች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የዴኮውንና የሞደሙን ቻርጀር ቮልትና አምፔር አንብቡ። ጓሮ ያለው ዴኮም የራሱን ይፈልጋል። ሳሎን ብቻ ዩፒኤስ አስገብታችሁ ሰርቪስ ይሠራል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

አሁን ወጥ ቤት የምለካው ፍጥነት ሳሎን ከምለካው አይለይም። ባለቤቴ ስልኩን ቡና መደርደሪያው ላይ አስደግፋ እየቆላች ታወራለች።

በጀት ለሚያጥራችሁ ኢ4 የሚባለው ታናሹ አለ። ዋናው ልዩነቱ የገመድ መሰኪያው ላይ ነው፦ የኤም4 ጊጋቢት ነው (በሰከንድ እስከ 1000 ሜጋቢት)፣ የኢ4 እስከ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ፓኬጃችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ኢ4ን ገዝታችሁ የተረፈውን ገመዱ ላይ አውሉት።