ልጄን «አልስማማም» ማለት ላስተማሩልኝ ሰው

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። የማመሰግናቸው ሰው «ስሜን እንዳትጠሪ» ብለው አስምለውኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ውለታቸው እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ስማቸውን ትቼ ሥራቸውን እናገራለሁ። ደሴና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለተማሪዎች ሞዴል ፓርላማ (ተማሪዎች የምክር ቤት አባል ሆነው ለሚከራከሩበት ጉባኤ) ከተመረጠ ወይም በማንኛውም ክርክር ሰው ፊት መቆም ካለበት፣ ገንዘባችሁንም ልጃችሁንም ሌላ ቦታ ከማንከራተታችሁ በፊት እኒህን ሰው ፈልጉ። ተማሪዎቻቸው «ጋሽ አፈ ጉባኤ» ይሏቸዋል።

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። በትምህርቷ አልታማም፤ ችግሯ ሰው ያላትን ሁሉ «ልክ ነው» ማለቷ ነው። እኛ ወሎዬዎች እንደሆንን እምቢታን ፊት ለፊት አናወጣም፤ «እስቲ ይታያል»፣ «አላህ ካለ» እያልን ነው የምንሸኘው። እሷ ግን ከሁላችንም የባሰች ናት። የጎረቤት ልጅ የልጄን ደብተር «የእኔ ነው» ብላ ስትወስድባት እንኳን አመስግና ሰጥታለች። እንግዲህ ይህች ልጅ የምክር ቤት አባል ሆና ረቂቅ አዋጅ እንድትቃወም ተመደበች።

ረቂቁን ያዘጋጁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሎጎ ሐይቅ ዳርቻ ላይ፣ ከውሃው ጠርዝ እስከተወሰነ ርቀት ድረስ፣ ማረስ ይከልከል የሚል ነው። የእሷ ቡድን መሬታቸውን የሚያጡትን ገበሬዎች ወክሎ መቃወም አለበት። ሟች እናቴ የሐይቅ ከተማ ሰው ነበረች፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጄ ክረምቷን እዚያ ነው ያሳለፈችው፤ ውሃውን እንደ ዘመድ ትወደዋለች። «እማዬ፣ እኔ እኮ በልቤ ረቂቁን እደግፋለሁ» ብላ አለቀሰች። በርበሬ ነጋዴ ነኝ፤ ለዚህ መድኃኒት ከየት አመጣለሁ?

መጀመሪያ የወሰድኳት ማስታወቂያው ግድግዳ ሙሉ የሆነ ቦታ ነው። 3,000 ብር በቅድሚያ ከፈልኩ። አራት ቅዳሜ ሄደች፤ ይዛ የመጣችው ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው፤ «ሸምድጂው» ተብላለች። ሸመደደችው። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር የልምምድ ቀን ሲደርስ ከፊቷ የነበረው ልጅ ተነስቶ የእሷን ንግግር ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አነበነበው። ቀጥሎ የተነሳችውም ልጅ እንዲሁ። ሦስት ልጆች፣ አንድ ንግግር፣ የፊደል ስህተቱ ሳይቀር! ልጄ ተራዋ ሲደርስ «ከእነሱ ሐሳብ ጋር እስማማለሁ» ብላ ተቀመጠች። ብሬን እንዲመልሱ ብጠይቅ «ሥልጠናው ተሰጥቷል» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉኝ፤ ፈገግታው እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሁለተኛው ቤት ለቤት የሚያስተምር ወጣት ነበር። ፓርላማ ማለት ጩኸት ነው የሚል እምነት አለው። ጠረጴዛ ምቺ፣ ጣትሽን ቀስሪ፣ ዓይንሽን አፍጥጪ ይላታል። በሳምንቱ ድምፅዋ ተዘጋ፤ ሦስት ቀን ዝንጅብልና ማር ሳጠጣት ከረምኩ። እሱ ደግሞ ለድምፅ ልምምድ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ።

ይህን ለደንበኛዬ ሳማርር አንዲት ሚጥሚጣ ልትገዛ የቆመች ሴት ሰማችኝ። «ጋሽ አፈ ጉባኤ ዘንድ ያልወሰድሻት ምነው?» አለችኝ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም፤ ይህን ካነበብሽ ሚጥሚጣው በነጻ ነው፣ ነይ።

ጋሼ በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ነው የኖሩት። ሰው ሲከራከር፣ ሲያኮርፍ፣ ረግጦ ሲወጣ፣ ተመልሶ ሲገባ፣ ሁሉንም ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ የኖሩ ሰው ከሌላው የበለጠ ቢያውቁ አይገርምም። በመጀመሪያው ቀን ልጄ ያን የፎቶ ኮፒ ንግግር ስትዘረጋ እጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። «ይህ ያንቺ አይደለም» አሏት፤ ስለ ወረቀቱ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ሽፋኑ የተላጠ ሕገ መንግሥት አውጥተው አንቀጽ 44ን አስነበቧት። ንዑስ አንቀጽ 1፣ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ አማራጭ የማግኘት መብት አላቸው የሚል ነው።

«አየሽ» አሏት፣ «ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ቤት ውስጥ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሐይቁን ጥዪ ያለሽ የለም። ‹ሐይቁ ይዳን፤ ገበሬው ግን ካሣውን ሳይቀበል አይነሳ› በይና ረቂቁ ይህን ስላልጻፈ ተቃወሚ።»

ልጄ በዚያች ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ ተኝታ አደረች።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አላስወጣ ሲል ልምምዱ እኛ ቤት ሆነ። ስድስት ልጆች ናቸው። ቡና አፈላሁ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካውን ቀድቼ ለልጄ ስዘረጋላት ጋሼ «አትጠጪ» አሏት። «ለምን እንደማትጠጪ ለእናትሽ ንገሪያት። ይቅርታ ሳትጠይቂ፣ ሳትቆጪ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር።»

ልጄ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል። «እማዬ ይቅርታ...» ስትል «እንደገና» አሏት። በሁለተኛው ተቆጣች፤ እንደገና። በሦስተኛው ሳቀች፤ እንደገና። በአራተኛው ልትጠጣው ስትል ልጆቹ ጮኹባት። ቡናው በረደ። በአምስተኛው ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ቡናሽ ጥሩ ነው። ሦስተኛውን ከጠጣሁ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ሰኞ ደግሞ ፈተና አለብኝ። ስለዚህ አልጠጣም።» ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው።

እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። የገዛ ልጄ በረካ መለሰችብኝ! ጋሼ ፊቴን አይተው ሳቁ፤ «አየሽ፣ እናትሽ አልሞተችም» አሏት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በረካ ስቀዳ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ሌላውን ሁሉ ያስተማሯትን እኔ አልተከታተልኩትም። አንደኛ ንባብ፣ ሁለተኛ ንባብ፣ ወደ ቋሚ ኮሚቴ መምራት፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የሚባለውን እስካሁን አልገባኝም። ግን በርበሬ ስነፋ አጠገቤ ሆና ስለምታነበንብ አንዳንዱ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙበት ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ደንበኞቼ ቅመም ሊገዙ መጥተው ሕገ መንግሥት ተምረው ይሄዳሉ።

የድሮውንም ይነግሯቸዋል። አያቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» በግጥም እየተሟገቱ ፍርድ ሲጠይቁ የነበሩበትን ያስጫውቷቸዋል፤ ልጆቹ እየተነሱ ሲሞክሩት ሳቁ ግቢውን ይሞላዋል። ሳቁ ሲበርድ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም ስለተደረገው የአፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያነሳሉ። «የተረታው ወገን ሐሳቡን ይዞ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም፤ የወሎም ሙስሊም እምነትህን ለውጥ ተባለ። እናንተ ግን ብትሸነፉም ሐሳባችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ» ይሏቸዋል። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ቤት የመጡት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሰሙ አይቻለሁ።

የሞዴል ፓርላማው ዕለት ልጄ ወረቀቶቿን ባጃጅ ውስጥ ረስታ ወረደች። ባጃጁ ወደ ፒያሳ ሄዷል፣ ታርጋውን ያየ የለም። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ እየጮህኩ ሳለ ጋሼ ቀስ ብለው መጡና «አብሽሪ» አሏት። «የጠፋው ወረቀቱ ነው። በረካውን እምቢ ስትዪ ወረቀት ይዘሽ ነበር?» ልጄ ራሷን ነቀነቀች። አዳራሹ ስትገባ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ነበር።

ተናገረች። አልጮኸችም፣ ጠረጴዛም አልመታችም። ሐይቁን አመሰገነች፣ ካሣውን ጠየቀች፣ «ስለዚህ ረቂቁን እቃወማለሁ» ብላ ተቀመጠች። ድምፅ ሲሰጥ በአራት ድምፅ ተሸነፉ። አዎ፣ ተሸነፉ! አሸንፋ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከዚያ እጇን አውጥታ ዕድል ጠየቀችና «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የምክር ቤቱን ውሳኔ እናከብራለን፤ ልዩነታችን በቃለ ጉባኤ ይያዝልን» አለች። ዞሬ ጋሼን ሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከተቀመጡበት ሲነሱም መጀመሪያ የሄዱት ወዳሸነፉት ልጆች ነው። በዚያን ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር፤ ልጄ ግን ተከትላቸው ሄዳ አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው።

ክፍያ ስወስድላቸው ፖስታውን ከፍተው ግማሹን መለሱልኝ። «በዚህ ከኩታበር በኩል ለሚመጣው ልጅ ደብተርና ጫማ ግዢለት፤ ከእኔ ነው እንዳትዪው» አሉኝ። ገዛሁለት። ይኸው አሁን አወጣሁባቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።

እባካችሁ ሂዱ። ሸዋበር ወርዳችሁ «የጋሽ አፈ ጉባኤ ቤት» በሉ፣ ሱቅ ያለ ሰው ሁሉ ያሳያችኋል። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ይገኛሉ፤ ዓርብ አይሠሩም። ከስድስት ልጅ በላይ ስለማይቀበሉ የጉባኤው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ። ልጁ ደብተር ይዞ ይሂድ፣ የተዘጋጀ ንግግር አታስይዙት፤ ኪሳቸው ነው የሚገባው። ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቁም። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ።

ትናንት ማታ ልጄን «ተነሺ፣ ሽንኩርት ክተፊ» አልኳት። ተነሳች፣ ቢላዋውን አነሳች፣ መክተፍ ከመጀመሯ በፊት ግን ቀና ብላ «እከትፋለሁ፤ ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አለችኝ።