ቱሉ ዲምቱ ያለችው የበያይነቱ ቤት

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለች ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ናት። ረቡዕና አርብ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነው። በያይነቱው 200 ብር ነው፤ ለሚያቀርቡት አይበዛም። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ መሃል ላይ ደግሞ ሎሚ የተጨመቀበት ቲማቲም በቃሪያ። እንጀራው ዓይኑ የወጣ ንጹህ ጤፍ ነው።

ሎሚዋ ለጣዕም ብቻ እንዳትመስላችሁ። አምና ደም ማነስ አለብሽ ስባል ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ ይህንኑ ነበር፤ ጤፍና ምስር ውስጥ ያለውን አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን) ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፣ ሎሚና ጥሬ ቃሪያ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ግን በደንብ ያግዘዋል። ምስርና እንጀራ አብረው ሲበሉ ደግሞ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። እናቶቻችን ይህን ሳያጠኑት ነው ሲያበሉን የኖሩት፣ እኔን በጣም ይገርመኛል።

ቅር የሚለኝ ሻዩ ነው። ትሪው ሳይነሳ ከች ይላል። ሻይም ቡናም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነታችን የሚወስደውን አይረን ይቀንሱታል። "እቱ፣ ሻዩን ቆይተሽ አምጪልኝ" አልኳት አስተናጋጇን፤ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቃት አቆይታ ነው የምታመጣልኝ። ጎመኑንም ትንሽ አብዝተው ያበስሉታል፣ እሳት ላይ ሲቆይ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል።

ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከእንዲህ ያለ የጾም በያይነቱ አይገኝም፣ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ እንቁላል ፍርፍራቸውን ሞክሩ። ከሰባት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ምስሩ ቶሎ ያልቃል።