ማኪንቶሽ ኤስኢ/30 እና ሲስተም 7.1፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ፣ በተለይ ስለ ሚሞሪ ድልድሉ

ይህች የአፕል ኮምፒውተር በ1989 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ስትወጣ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ 68030 ፕሮሰሰር ይዛ ነበር። ለጽሑፍ ሥራ ፍጥነቷ ዛሬም አያሳማም። ለወራት ሲሠሩባት ግን ደስታና ብስጭቱን የሚወስነው ፍጥነቷ ሳይሆን ሚሞሪው ለየፕሮግራሙ የተደለደለበት መንገድ ነው።

ማሽኗን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም 7 ብዙ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ ይከፍታል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት አንድ ወጥ የሚሞሪ ቁራጭ ይቆረጥለታል፤ እስኪዘጋም በዚያው ይወሰናል። ሌላ ቦታ ብዙ ሜጋባይት ሥራ ፈቶ ቢቀመጥ እንኳ፣ በተለይ ለዚያ ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ከድርሻው በላይ አይወስድም።

የቁራጩን መጠን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ መጀመሪያ ይዝጉት፤ ክፍት እያለ ቁጥሩ አይቀየርም። ከዚያ የፕሮግራሙን አይከን (የሰነዱን አይደለም) አንዴ ተጭነው ከፋይል ሜኑ «ጌት ኢንፎ»ን ይምረጡ። ከመስኮቱ ግርጌ በኪሎባይት የተጻፉ ሦስት ቁጥሮች ያገኛሉ። «ሰጀስትድ» የፕሮግራሙ ሠሪ ምክር ነው፤ አይነካም። «ሚኒመም» ከዚህ ያነሰ ቦታ ካለ ፕሮግራሙ አልከፈትም የሚልበት ወለል ነው። «ፕሪፈርድ» ደግሞ ቦታ ከተገኘ የሚወስደው ጣሪያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለ ቦታ ከተገኘ ባገኘው ይከፈታል።

ሚኒመሙን ዝቅ አድርጎ በግድ ማስከፈት አልመክርም። ፕሮግራሙ ይከፈትና ሥራ መሃል ላይ ታይፕ 25 በሚል ስህተት፣ ማለትም ሚሞሪ አልቆበት፣ ይሞታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ሴቭ የሚደረግበት ሰዓት ነው፤ ሴቭ ማድረግ ራሱ ተጨማሪ ሚሞሪ ይፈልጋል። ማስጠንቀቂያ ከመጣ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የተከፈቱትን ሌሎች ሰነዶች ዘግቶ ከዚያ ሴቭ ማድረግ ይሻላል። ሌሎች ፕሮግራሞችን መዝጋት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ የነሱ ቁራጭ ወደዚህኛው አይጨመርምና።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በመለካት ነው። ያለዎትን ከባዱን ሰነድ ይክፈቱ፣ ስፔሊንግ ያስፈትሹ፣ ያትሙ። ከዚያ ወደ ፋይንደር (ፋይሎችና ዲስኮች ወደሚታዩበት ዋናው ገጽ) ተመልሰው ከአፕል ሜኑ «አባውት ዚስ ማኪንቶሽ»ን ይክፈቱ። በየፕሮግራሙ ስም ትይዩ ያለው ባር የጠቆረው ክፍል የተያዘው፣ የነጣው የተረፈው ነው። ጥቁረቱ ጫፍ ከደረሰ ፕሪፈርዱን በሩብ ያሳድጉ፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ይቀንሱለት። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ወርድ 5.1 በ2048 ኪሎባይት ረጅም ሰነድ ይዞ ያለ ችግር ይሠራል።

እዚያው መስኮት ላይ ያለው «ላርጀስት አንዩዝድ ብሎክ» (ሳይቆራረጥ ነፃ የሆነው ትልቁ ቦታ) የሚባለው ቁጥር ከጠቅላላው ነፃ ቦታ ይልቅ ሊታይ ይገባል እላለሁ። ምክንያቱ ሦስት ፕሮግራሞች በተርታ ተከፍተው መካከለኛው ቢዘጋ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። ከላይ 1500፣ ከታች 1500 ኪሎባይት ነፃ ቢሆን፣ 2000 የሚፈልግ ፕሮግራም አይከፈትም፤ ድምሩ 3000 መሆኑ አያድነውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩበትን መጀመሪያ፣ ቶሎ የሚዘጋውን መጨረሻ ይክፈቱ። ቦታው ከተቆራረሰ በኋላ መድኃኒቱ ሁሉንም ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው።

በስምንት ሜጋባይት የጽሑፍ ፕሮግራምና ሃይፐርካርድ (የአፕል የመረጃ ካርዶች መሥሪያ) ጎን ለጎን ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ሲኬድ ችግር አለ፦ የዚህች ማሽን ሮም (ቋሚ ፕሮግራሟ ያለበት ቺፕ) ንፁህ 32 ቢት አይደለም፤ ማለትም ከ8 ሜጋባይት በላይ ያለውን ሚሞሪ በራሱ ማስጠቀም አይችልም። አራት ባለ 4 እና አራት ባለ 1 ሜጋባይት ሲም (የሚሞሪ ካርድ) ሰክተው (ሲሞቹ የሚገቡት በአራት በአራት ሆነው፣ በየረድፉ እኩል መጠን ይዘው ነው) 20 ሜጋባይት ቢያደርሷት እንኳ የሚሠሩት በ8ቱ ብቻ ነው። ቀሪው 12 ሜጋባይት በ«ሲስተም ሶፍትዌር» ባር ውስጥ ተቆጥሮ ይታያል፤ ብዙ ሰው ሲስተሙ አብጧል ብሎ በከንቱ ኤክስቴንሽን (ከሲስተሙ ጋር የሚነሡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ይነቅላል። መፍትሔው ኮኔክቲክስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሞድ32 የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ አፕል ራሱ ፈቃዱን ገዝቶ በነፃ አድሎታል። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ግን በ32 ቢት ይወድቃሉ።

ዲስክ ካሹን (ከዲስክ የተነበበው ለፍጥነት የሚቀመጥበትን ሚሞሪ) ለእያንዳንዱ ሜጋባይት በ32 ኪሎባይት ያስሉት፤ ለ8 ሜጋባይት 256 ይሆናል። ቨርቹዋል ሚሞሪን (ሃርድ ዲስኩን እንደ ሚሞሪ የሚያስጠቅመውን) ዝጉት ነው ምክሬ። ራሙን ጨምሮ ጠቅላላውን ሚሞሪ የሚያህል ፋይል ሃርድ ዲስኩ ላይ ይይዛል፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሄዱም ያስጠብቃል። ሁለቱም ቅንብሮች የሚሠሩት ሪስታርት ሲደረግ ነው።

ማሽኗን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ባለ 3.6 ቮልቱን ባትሪ ያውጣ፤ ሲፈነዳ ቦርዱን ይበላዋል። የሚያፈሱትን ካፓሲተሮችም ያስቀይር። ያለ ባትሪ የካሽ ቁጥሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳል። የጌት ኢንፎ ቁጥሮች ግን ፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ስለሚጻፉ አይጠፉም፤ ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለብጡትም አብረው ይሄዳሉ።